የእንቅርት ኪኒንና አጥንታችን

እህቶቼ፣ እኔ እንቅርቴ አገር ቤት ሳለሁ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛል። ዕጢው ስለሌለ ሰውነቴ የሚፈልገውን ሆርሞን በየቀኑ ከኪኒን አገኛለሁ፤ ስሙ ሌቮታይሮክሲን ነው። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነውና ረያንም ይዤው መጣሁ። በደጋው አገራችን አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ብዙ ነው፤ ከእናንተም ይህን ኪኒን በሻንጣዋ የያዘች አትጠፋም።

በመጀመሪያው ረመዳን ሌሊቱን ምግብ ስናቀርብ፣ ቀኑን ስናጸዳ ድካም ጣለኝ። «መድኃኒቱ አንሶኝ ነው» ብዬ በራሴ ፈቃድ አንዱን ኪኒን ሁለት አደረግኩት። ወራት አለፉ። ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ከሳሁ። ማዳምማ መክሳቴን አይታ አደነቀችኝ! ደሜ ሲመረመር ግን ሐኪሟ ወዲያው አወቀችብኝ።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። አጥንት እንደ ድንጋይ አይደለም፤ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ከልክ ሲያልፍ የሚፈርሰው ከሚተካው ይበልጥና አጥንት ይሳሳል። ሲሳሳ አያምም፤ ብዙዎች የሚያውቁት ወድቀው ሲሰበሩ ነው። የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። መጠኑ ልክ ከሆነ ግን ለአጥንት ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ ፈርቶ ማቋረጥ ራሱ ሌላ በሽታ ያመጣል። ልኩ የሚታወቀው ቲኤስኤች በሚባል የደም ምርመራ ነው፦ መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ከተስተካከለ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ።

ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ውሰጂው፤ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። (ቡናን ማዘግየት ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው።) የካልሲየም ወይም የብረት ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይለፍ። በረመዳን የቤቱ ሰዓት ሲገለባበጥ፣ ሐኪሜ ከበላሁ 3 ሰዓት ቆይቼ ስተኛ እንድወስደው ፈቅዳልኛለች።

ኳታር ፀሐይ ሞልቷት እኛ ቤት ውስጥ እንውላለን፤ ስለዚህ ቫይታሚን ዲሽንም አስመርምሪ። በጾም ወተት ሲቀር የሰሊጥ ጠሂናና ጎመን ለአጥንት ካልሲየም አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15፣ በሥራ ላይ ሳለች ለታመመች ሠራተኛ አሠሪዋ ሕክምናና መድኃኒት ያለ ክፍያ እንዲያቀርብላት ያዛል። ዐረብኛው ካስቸገረሽ የኪኒኑን ካርቶን አሳዪና አንገትሽን እየነካሽ «ጉዳ ደረቂያ» በያት፤ የታይሮይድ ዕጢ ማለት ነው። ማዳሜ የገባት በዚህ ነው።