ካርቶኑ ለምን ገዢ ያጣል? ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሱቆች እስከ ወረቀት ፋብሪካ

የወልቂጤ የገበያ ቀን ሲያበቃ በሱቆች ደጃፍ ከሚቀረው ክምር ብዙው ካርቶን ነው። የሳሙና፣ የብስኩትና የፓስታ ማሸጊያ የነበረው ካርቶን ምሽት ላይ ከሽንኩርት ልጣጭና ከፕላስቲክ ከረጢት ጋር ተደባልቆ ይጠረጋል፤ ከዚያም ወይ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጥግ ይዞ ይቃጠላል። በቡታጅራም ነገሩ የተለየ አይደለም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ዝናብ ስለሚያበሰብሰው ገዢ ቢመጣ እንኳ አይቶት ያልፋል።

ይህ ካርቶን ግን የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ ነው። በአዳማ አቅራቢያ በወንጂ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፐልፕና ወረቀት ፋብሪካ ከተቋቋመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ፐልፕ ይበል እንጂ ለረዥም ዘመን የሠራው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በሚገባ ፐልፕ ነው። ፐልፕ ማለት ከእንጨት ወይም ከሌላ ተክል ተለይቶ የወጣ፣ ለወረቀት ሥራ የተዘጋጀ የክር ክምችት ነው። ከውጭ የሚገባው ፐልፕ በተወደደ ቁጥር በአገር ውስጥ የተሰበሰበ ያገለገለ ወረቀት ዋጋ ያገኛል። በዚህ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን መከልከሉ የወረቀት ከረጢት ፈላጊን እንደሚያበዛ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ፈላጊ ያለው ዕቃ ከሱቅ ደጃፍ ለምን ገዢ ያጣል? መልሱ የሚገኘው በፋብሪካው ውስጥ ካለው አሠራር ነው።

ወረቀት እጅግ በቀጠኑ ክሮች የተጠላለፈ ንጣፍ ነው። ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ሙጫ ሳይሆን በውኃ ረጥበው ሲደርቁ የሚፈጥሩት ትስስር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ወረቀት ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲመታ ትስስሩ ይላላል፣ ክሩም ይለቀቃል። ፋብሪካው ይህን የሚያደርገው ግዙፍ ጋን በመሰለ ማሽን ነው። ካርቶኑ ከውኃ ጋር ሲናጥ ቆይቶ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል፤ ከዚያ በወንፊት እያለፈ ስፒል፣ የስቴፕለር ሽቦ፣ ፕላስተርና አሸዋ ይለይለታል። የታተመበት ወረቀት ከሆነ ሳሙና መሰል ኬሚካልና የአየር አረፋ ይገባበታል፤ ቀለሙ አረፋው ላይ ተለጥፎ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። የተጣራው ክር በወንፊት ላይ ተነጥፎ፣ ተጨምቆና በእንፋሎት ደርቆ እንደገና ወረቀት ይሆናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1774 ዩስቱስ ክላፕሮት የተባለ ጀርመናዊ ከታተመ ወረቀት ቀለም አስለቅቆ አዲስ ወረቀት መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ሰውየው ኬሚስት ሳይሆን የሕግ ምሁር ነበር።

ክሩ ግን ለዘላለም አያገለግልም። በየዙሩ ስለሚሰባበርና ስለሚያጥር ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ንጣፍ መያዝ ያቅተዋል። ከነጭ ወረቀት የተነሣ ክር ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ እንቁላል መደርደሪያ እየወረደ ይሄዳል። የእንቁላል መደርደሪያው ግራጫና ሻካራ የሆነው የመጨረሻዎቹን አጫጭር ክሮች ስለሚይዝ ነው። በመሆኑም ያገለገለው ወረቀት ምንም ያህል ቢሰበሰብ፣ ከየአቅጣጫው አዲስ ክር እየተጨመረበት ካልሆነ ዙሩ አይቀጥልም።

እዚህ ላይ ወደ ነጋዴው እንመለስ። ካርቶን በኪሎ ሲሸጥ ገዢው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ውኃ። በደንብ የደረቀ 100 ኪሎ ካርቶን ውስጥ 10 ኪሎ ያህል እርጥበት ቢኖር ቀሪው 90 ኪሎ ጠጣር ነው። ዝናብ አግኝቶት እርጥበቱ 30 ከመቶ ከደረሰ ግን በ100 ኪሎው ውስጥ የሚገኘው ጠጣር 70 ኪሎ ብቻ ነው። ገዢው ለ20 ኪሎ ተጨማሪ ውኃ ከፍሎ፣ ያንኑ ውኃ በመኪና ጭኖ ሊሄድ ነው ማለት ነው። እርጥብ ካርቶን በመጋዘን ሲከማች ደግሞ ይሻግታል፣ ክሩም ይበላል። ይህን ለማረቆና ለቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ያልደረቀ በርበሬ በጆንያ ተጭኖ ሲመጣ ዛላውን ጨብጦ፣ ድምፁን ሰምቶ ዋጋ የሚቀንስ ሰው የካርቶን ገዢው ለምን ፊቱን እንደሚያዞር ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅልቅል ነው። ዘይት ወይም ቅቤ የጠጣ ወረቀት ክሩ ውኃ አይቀበልም፤ በወረቀቱም ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የቡና መሸጫ የወረቀት ኩባያ ከውስጥ በስስ ፕላስቲክ የተለበደ ስለሆነ እንደ ተራ ወረቀት አይፈታም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ነው። ያ አብረቅራቂ ወረቀት የሚጻፍበት በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ለዚህም የተቀባው ኬሚካል ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል የተባለውን ለጤና የሚያሳስብ ንጥረ ነገር ይይዛል። ደረሰኙ ከደብተርና ከካርቶን ጋር ሲቀላቀል ኬሚካሉ ወደ አዲሱ ወረቀት ይተላለፋል። አዲሱ ወረቀት ደግሞ ነገ የምግብ መያዣ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ለግብር ሰብሳቢው ይቀመጥ፤ ጊዜው ሲያልፍም ወደ ካርቶኑ ክምር አይግባ።

ሦስተኛው መጓጓዣ ነው። ሳይታጠፍ የተጫነ ካርቶን አይሱዙን በአየር ይሞላዋል። ጠፍጥፎ፣ በመጭመቂያ ማሽን አጥብቆ በሽቦ ያሰረው ግን በአንድ ጉዞ ብዙ እጥፍ ይጭናል። ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም እስከ ወንጂ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ዕቃ ትርፍና ኪሳራው የሚለየው በዚህ ነው። በየከተማው በወጣቶች የሚደራጁ የደረቅ ቆሻሻ ማኅበራት ከሁሉ በፊት ሊኖራቸው የሚገባው ጣሪያ ያለው ማከማቻና አንድ መጭመቂያ ይመስለኛል። ጋሪ ብቻ ይዞ መጀመር ካርቶኑን ከአንዱ ዝናብ ወደ ሌላው ዝናብ ማዛወር ነው።

የዚህ ሥራ ዕውቀት ለጉራጌ እንግዳ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ወደ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ወደ ባልዲ ሲለወጥ የኖረው ከዚሁ አካባቢ በወጡ ብዙ እጆች ጭምር ነው። በየሰፈሩ እየተጣራ የሚዞረው ቆራሌውም ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው አንድ ነገር ቢኖር የተለየ ዕቃ ዋጋ እንዳለው፣ የተደባለቀ ዕቃ ግን ዋጋ እንደሌለው ነው።

የፋብሪካው የራሱ ቆሻሻ

እስካሁን ያየነው ፋብሪካው የሌላውን ቆሻሻ እንዴት እንደሚጠቀም ነው። የራሱስ?

ፐልፕ ከእንጨት ሲመረት ቺፕ የሆነው እንጨት ከኮስቲክ ሶዳና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር በግፊት ይቀቀላል። የሚቀቀለው ክሮቹን ያጣበቀው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲሟሟ ነው። ከእንጨቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ክር ሆኖ ይወጣል፤ ግማሹ ከኬሚካሉ ጋር ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ይህ ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣ ይሞታል፣ ከብትም አይጠጣውም። ሆኖም ጥቁሩ ፈሳሽ ውኃው ከተነነለት ይነዳል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ ፋብሪካዎች በልዩ ቦይለር እያቃጠሉ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያመነጩበታል፤ ከእሳቱ ሥር ቀልጦ የሚወርደውን ጨው በኖራ አክመው ኮስቲክ ሶዳቸውን ያስመልሳሉ። ኖራው ራሱ ተቃጥሎ እንደገና ይሠራል። አንድ ጊዜ የተገዛው ኬሚካል አብዛኛው እዚያው እየዞረ ይኖራል።

ችግሩ ይህ ቦይለር ውድ መሆኑና ለትንሽ ፋብሪካ አለመመቸቱ ነው። ከገለባ ፐልፕ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ በገለባው ውስጥ ያለው ሲሊካ ቧንቧውን እየደፈነ ማስመለሱን ያከብደዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁዋይ ወንዝ ተፋሰስ ጥቁር ፈሳሻቸውን ወደ ወንዝ ይለቁ የነበሩ እጅግ ብዙ ትናንሽ የወረቀት ፋብሪካዎችን የዘጋችው በዚህ ሳቢያ ነበር።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋቤ ወንዝ ወልቂጤ አካባቢን አልፎ ወደ ግቤ ይወርዳል። ከጉራጌ ተራሮች በምሥራቅ በኩል የሚነሣው መቂ ወንዝም ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ዳርቻ ሰው አትክልት ያመርታል፣ ከብት ያጠጣል። ነገ በአካባቢያችን ፐልፕ የሚያበስል ፋብሪካ ለመትከል የሚመጣ ባለሀብት ቢኖር ነዋሪው ከሥራ ዕድሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ «ጥቁሩን ፈሳሽ ምን ታደርጉታላችሁ?» የሚል ሊሆን ይገባል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጆች ለዚህ ጥያቄ የሕግ መሠረት ይሰጡታል። ያገለገለ ወረቀት ብቻ የሚጠቀም ፋብሪካ ሊግኒን የማሟሟት ሥራ ስለሌለበት ጥቁር ፈሳሽ አያወጣም። እሱን መጠየቅ የሚገባው ስለ ውኃውና ስለ ዝቃጩ ነው።

ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል?

ዝቃጭ ማለት ከውኃው ተጣርቶ የሚቀረው የአጫጭር ክር፣ የሸክላ ዱቄት፣ የካልሲየም ካርቦኔትና አንዳንዴም የቀለም ድብልቅ ነው። በሌሎች አገሮች በጡብና በሲሚንቶ ሥራ ይገባል፣ ይቃጠላል፣ ወይም ለእርሻ ይውላል። አርሶ አደሩ «ማዳበሪያ ነው» ተብሎ በነፃ ቢቀርብለት ግን መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። በወረቀት ክር ውስጥ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ይህን በጥሬው ማሳ ላይ ቢበትኑት የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ክሩን ለመብላት ናይትሮጅንን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ ሰብሉም ይቢጫል። በቆሎው ቢጫ ሲሆን ጥፋቱ የዘሩ ይመስላል። ስለዚህ ክሩ መጀመሪያ ከበረት ፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ኮምፖስት መሆን አለበት። በቤት ውስጥም ቀለም የሌለበትን ካርቶን ቆራርጦ፣ አርሶ፣ ከፍግ ጋር በየንጣፉ መደርደር ይቻላል። ይህ ማጓጓዣ ላይደርስለት ለሚችለው የእርጥብ ካርቶን ክምር ጥሩ መውጫ ነው።

የኖራው ቅሪትና የቦይለሩ አመድ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሁለቱም አሲድን ያረግባሉ። የደጋው ጉራጌ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ መሆኑ፣ ለዚህም ኖራ እንደሚመከር አርሶ አደሩ ከግብርና ባለሙያ የሚሰማው ነው። እንሰት ሥር የምድጃ አመድና ፍግ የሚደፉ እናቶችም ይህን በራሳቸው መንገድ ሲሠሩበት ኖረዋል። የፋብሪካ ቅሪት ከምድጃ አመድ የሚለየው ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ነው። በላቦራቶሪ ሳይመረመር፣ የአፈሩም አሲዳማነት ሳይለካ በተለይ አትክልት ማሳ ላይ መድፋት አይመከርም።

ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ጥሬ ዕቃ ግን ገና ፋብሪካ አልደረሰም። እንሰት ተፍቆ ቆጮና ቡላ ሲወጣ የሚቀረው ቃጫ ገመድ፣ ምንጣፍና ማጥለያ ሆኖ ያገለግላል፤ ገበያም ይወጣል። ቃጫ ረዥምና ጠንካራ ነው፤ ሊግኒኑም ከእንጨት ያነሰ ስለሆነ በአነስተኛ ኬሚካል ይበስላል። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ የሻይ ከረጢትና የባንክ ኖት ወረቀት ይሠራበታል። ከላይ እንዳየነው ያገለገለ ወረቀት በየዙሩ ክሩ ያጥራል፤ ቃጫ በትንሹ ቢጨመርበት የጎደለውን ጥንካሬ ሊመልስለት ይችላል። ከፐልፑ ሁሉ ቃጫ ይሁን ማለት ግን አያዋጣም፤ አንድ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ከአንዱ የሚገኘው ቃጫም ጥቂት ነው። በደጋና በወይና ደጋው የተትረፈረፈው ባሕር ዛፍ በብራዚልና በሌሎች አገሮች ዋነኛ የፐልፕ እንጨት ስለሆነ ብዛቱ የሚገኘው ከእሱ ነው። የእሱ ክር ግን አጭር ነው።

ቃጫ ለመሰብሰብ የሚነሣ ማኅበር አስቀድሞ ማሰብ ያለበት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ነው። በሽታው በተበከለ መሣሪያና በታመመ ተክል ቁራጭ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዛመታል። ከየቀበሌው ያልደረቀ የእንሰት ተረፈ ምርት ሰብስቦ በአንድ መኪና ማዞር በሽታውንም አብሮ ማዞር ሊሆን ይችላል። ቃጫው እዚያው በየቤቱ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ፣ ከታመመ እንሰት የተፋቀው ተለይቶ ከጓሮ ሳይወጣ መቅረት አለበት። መፋቂያና ቢላዋውም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለብለብ።