ቤት ሲከራዩ ከዋጋው በፊት መስኮቱን ይዩ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከሐኪም ይልቅ የደላላ ሥራ ሊመስልዎ ይችላል፤ የቤት ኪራይ ነው። ይሁንና በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ ሰው ከዕድሜው ሲሶውን የሚተነፍሰው የመኝታ ክፍሉን አየር ነው። ስለዚህ ቤት መምረጥ ጤናን መምረጥም ነው።

ላሊበላ ስሠራ አንድ ወጣት መምህር በየቀኑ ራሱን እንደሚያመው ነግሮኝ ነበር። ከባሕር ዳር ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ባሕር ዳር ሳለ ጣና ዳር ባለ ጸጥ ያለ ሰፈር ተከራይቶ ይኖር ስለነበር፣ እዚህም ያንኑ ጸጥታ ፈልጎ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ ከደጃፏ ተራራ የሚታይባት፣ ኪራይዋም የማይከብድ አንዲት ክፍል አገኘ። “ዶክተር፣ ከፍታው አልተስማማኝም መሰለኝ” አለኝ። አከራዩ እናት ደግሞ “ብርድ ነው የመታህ ልጄ፣ ደህና አድርገህ ሙቅ” ብለውታል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ ላሊበላ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ከፍታ አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ራስ ምታት ሊሰማው ይችላል። ሰውነት ሲላመድ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተወዋል፤ ሁለት ወር አይቆይም።

“መቼ ይብስብሃል?” ስል ጠየቅሁት። “ጠዋት ስነሣ ነው። ትምህርት ቤት ስውል ይተወኛል” አለ። ማታ ማታ ቡና ካፈላ በኋላ ከሰሉን ለሙቀት ብሎ አልጋው አጠገብ ይተወው ነበር። “ግን ጭስ የለውም፤ ውጭ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው” ሲል አከለ።

የማይታየው ጋዝ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሰል ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል፤ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። በደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። በላሊበላ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ጉዳቱ በዚያ ላይ ሲጨመር ይከፋል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና ግራ መጋባት ናቸው። ተኝቶ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና የልብ ሕመምተኞች የበለጠ ይጎዳሉ። ራስ ምታቱ ከቤት ሲወጡ የሚተው፣ ሲመለሱ የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም አብረዋችሁ የሚኖሩትንም የሚያማቸው ከሆነ ከሰሉን ጠርጥሩ።

በላስታ የቀድሞው ክብ የድንጋይ ቤት የሣር ክዳኑ አየር ያሳልፍ ነበር። ዛሬ የሚከራዩት ክፍሎች ግን ብዙዎቹ በሲሚንቶ የተለሰኑ፣ ኮርኒሳቸው የተደፈነ ነው። ብርዱን ለመከላከልም ተከራዩ በበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋል። ልማዱ እንዳለ ቀርቷል፤ ቤቱ ግን ተለውጧል። በገና ሰሞን እንግዳ ሲበዛና አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ሲያድር ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ከመከራየትዎ በፊት

• መስኮቱን በእጅዎ ከፍተው ይሞክሩ። የተቸነከረ መስኮት መስኮት አይደለም። ከበሩ ትይዩ ቢሆን አየር ያንሸራሽራል፤ ይህም እንደ ቲቢ ያሉ በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎችን ስርጭት ይቀንሳል።

• ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁ። ከጎረቤት ወጥ ቤት ጋር ኮርኒሱ የተያያዘ ክፍል የጎረቤትን ጭስ ያስገባል።

• ግድግዳው ላይ እርጥበትና ሻጋታ መኖሩን ይመልከቱ፤ አስም ላለበት ሰው አይሆንም።

• መጸዳጃ ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጋራው፣ ውሃው ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ።

• ቤቱ እንደ ጣና ዳር ባለ ሞቃት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ትንኙን ያስቡ። የመስኮት ወንፊትና አጎበር የግድ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሆነባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ለሁለት ዓመት የሚተነፍሱትን አየር አስቀድሞ ማየት፣ መስተካከል ያለበትንም ከመፈረምዎ በፊት መነጋገር ይበጃል።

ብርዱንስ?

ከሰል ይዘው አይተኙ። መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ ጨው መነስነስ ወይም አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ አያድንም። ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ውጭ ይደር። ጋቢና ቡሉኮ ይደርቡ፤ ካልሲና ኮፍያ አድርገው ይተኙ። ሙቅ ውሃ በደንብ በሚከደን ዕቃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉ።

በከሰል የታፈነ ሰው ካገኙ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ፈጥነው ወደ ውጭ ያውጡት። ራስዎ እዚያው እንዳይቆዩ ይጠንቀቁ። ወተት ማጠጣት መድኃኒት አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው ሊታነቅበትም ይችላል። ነቃ ቢልም እንኳ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ይውሰዱት።

መምህሩ ማንደጃውን ደጅ ማሳደር ከጀመረ በኋላ ራስ ምታቱ ለቀቀው። አከራዩ እናት ነገሩን ሲሰሙ ለክፍሏ ተለቅ ያለ መስኮት አስወጡላት። “እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት ያዞረኝ ነበር” ብለዋል አሉ።