የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች ሽፋን እንዴት ይለወጣል?

በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የሊከርገስ ጽዋ የተባለ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማውያን የተሠራ የመስታወት ዋንጫ ይገኛል። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከኋላው ዘልቆ ሲያልፍበት ደግሞ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያደርጉት በመስታወቱ ውስጥ የተበተኑ፣ ከወርቅና ከብር ቅይጥ የሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው። የአንዱ ስፋት 70 ናኖ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

የጽዋው ቅንጣቶች ለ1,600 ዓመታት ያህል ሳይነካኩ የቆዩት መስታወቱ በየቦታቸው ስለያዛቸው ነው። በውኃ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲጋጩም ይጣበቃሉ፤ ከዚያም ተከማችተው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ በላብራቶሪ የሚሠሩት ቅንጣቶች ሊጋንድ በሚባሉ ሞለኪውሎች ይሸፈናሉ። ቃሉ «ማሰር» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ የዐረብኛው አቻ «ረቢጣ»ም ከዚያው ሐሳብ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን እስካሁን የተለመደ አቻ ስላላገኘ እንዳለ ተጠቅመንበታል። አንዳንዱ ሊጋንድ እንደ ሲትሬት በኤሌክትሪክ ሙል ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያገፋፋል፤ ሌላው በረጅም ጭራው እንዳይቀራረቡ ይከለክላል።

ሽፋኑ የቅንጣቱን ጠባይ ጭምር ይወስናል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ብዙዎቻችን በቤታችን የተጠቀምንበትን ፈጣን መመርመሪያ እናስታውስ። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ክምችት ነው። ወርቁ ቀለሙን ይሰጣል እንጂ ቫይረሱን አያውቅም፤ ቫይረሱን ለይቶ የሚይዘው በወርቁ ገጽ ላይ የተያያዘው ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ችግሩ ለአሠራር የሚመቸው ሽፋን ለአገልግሎት አለመመቸቱ ነው። በብር የተለበጡ የወርቅ ዘንጎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሲቲኤቢ በተባለ ሳሙና መሰል ውሁድ ውስጥ ነው። ቅርጻቸውን የሚያስተካክለው እርሱ ቢሆንም የሕያው ሴልን ቆዳ ያፈርሳል። ቅንጣቶቹ ለሕክምና ምርምር እንዲውሉ ከተፈለገ ሰውነት በሚቀበለው ሽፋን፣ ለምሳሌ ጫፉ ላይ ድኝ ባለበት ፖሊኢትሊን ግላይኮል፣ መተካት አለበት። ድኝ ከወርቅም ከብርም ጋር አጥብቆ ስለሚተሳሰር አሮጌውን ሽፋን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል።

ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈሳሹ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ተዘቅጦ ይታጠባል። እጥበቱ ካነሰ መርዛማው ውሁድ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ የተራቆቱት ቅንጣቶች አዲሱን ሽፋን ሳይለብሱ ይጣበቃሉ። የተጣበቁትን መልሶ መለያየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ የቀናት ልፋትም በደቂቃዎች ይባክናል።

ሁለት ብረቶች ሲጣመሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ለአንዱ የሚስማማው ሊጋንድ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ብር ከወርቅ ይልቅ በቀላሉ ስለሚዋሐድ፣ ኦክስጅን ባለበት ድኝ የያዘው ሊጋንድ ከልክ ካለፈ የብሩን ልባጭ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከገጹ ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል የውስጡን አቶም ወደ ውጭ የሚስብበትም ጊዜ አለ፦ በወርቅና ፓላዲየም ቅይጥ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያርፍ ፓላዲየሙ ወደ ገጹ ይወጣል። ስለዚህ ሽፋኑን የለወጠ ባለሙያ፣ ሳያስበው ብረቱንም ለውጦት ሊሆን ይችላል።

በሃይድሮጅን ነዳጅ ሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ሂደትን በሚያፋጥኑት የፕላቲነምና የኒኬል ቅንጣቶች ዘንድ ፍላጎቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሽፋኑ ጋዙ ከብረቱ ጋር እንዳይገናኝ ስለሚጋርድ መነሣት አለበት። በሙቀት ማቃጠል ቀላሉ መንገድ ቢመስልም፣ ሙቀቱ ሲያይል ቅንጣቶቹ ቀልጠው እንደሚገጣጠሙ ያህል ይዋሐዳሉ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለዘብ ያለ ሙቀት ወይም በአሲድ ማጠብ ይመረጣል።

ለውጡ መሳካቱ የሚታወቀው በልኬት ነው። በሲቲኤቢ የተሸፈነ ቅንጣት ጠንካራ አዎንታዊ ሙል ይኖረዋል፤ አዲሱ ሽፋን ሲተካው ሙሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቀለል ያለው ፈተና ጨው መጨመር ነው፦ ሽፋኑ የሳሳ የወርቅ ፈሳሽ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ፣ በሚገባ የተሸፈነው ግን ቀይ እንደሆነ ይቆያል።