ችግኙስ ጸደቀ፤ የፍየሏ ባለቤትስ ምን ትብላ?

ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ጓደኛ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ እስቲ ትንሽ ወጣ እንበልና ስለ ተራራ፣ ስለ ዛፍና ስለ ሣር እናውራ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ! የግብርና መጽሔት መሰላት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! ጉዳዩ የእኛው የወጣቶቹ ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ «ይቺ አገር እንዴት ነው የምትለወጠው?» ያላለ ማን አለ? ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ አገር እንለውጣለን፤ ሂሳብ ከፍለን ስንወጣ ግን ሁሉም ነገር እዚያው ነው።

እኔም አገር የሚለውጥ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ስብሰባ አዳራሽ አልገባሁም። የሄድኩት ቢስቲማ ነው።

ለማታውቋት፣ ቢስቲማ በደቡብ ወሎ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። መንገዱ ቢስቲማን አልፎ ወደ ጭፍራ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ሰላምታው ረጅም፣ ቡናው ደግሞ አንድ ስኒ ጠጥተው የሚነሱበት አይደለም። እንግዳ ትንሽ ፊቱ ጠቆር ካለ «አብሽሪ!» ይሉታል። «አይዞሽ፣ መልካም ነው» እንደማለት።

በዚያ ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ስም አልጠቅስም። እነሱም አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጻፍኩትም።

«የስንዴው ነበር»

መጀመሪያ ያነጋገርኳቸው ስድሳዎቹን ያጋመሱ አባት ናቸው። የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ጎረምሳ ነበሩ። ያኔ በወሎ ተራሮች ላይ ሕዝቡ ለሥራው እህል እየተከፈለው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። ክፍያው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ያቺ ስንዴ ብዙ ነፍስ አትርፋለች፤ ይህን ማንም አይክድም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ዛፍ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«በ83 ቆረጥነው» አሉኝ፣ ምንም ሳይደባብቁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂው ሄደ። በወሎም፣ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል የተከለለው ደን ተመነጠረ፣ በብዙ ቦታ እርከኑም ፈረሰ።

«አባቴ፣ በእጃችሁ የተከላችሁትን በእጃችሁ ቆረጣችሁት?»

«የኛ መች ሆነና ልጄ! የስንዴው ነበር። ክለሉ ሲሉን ከለልን፣ ትከሉ ሲሉን ተከልን። ማን እንደሚያጭደው፣ ማን እንደሚቆርጠው የነገረን የለም። ሰው ያልተነገረውን ነገር የኔ ነው ይላል?»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህቺን መልስ ልብ በሉልኝ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ፣ ወይም ጥቅሙን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አፈሩ ሲሄድበት ከእሱ ቀድሞ የሚያይ የለም። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ፣ በአልብኮ በኩል ማይባር የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንድ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመበት ነው። ከዚያና ከመሰል ጣቢያዎች በተገኘ መረጃ ተመሥርቶ የወጣ አንድ የታወቀ ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል። በእኛ ቋንቋ 420 ኩንታል መሆኑ ነው! ከዚያው መሬት 20 ኩንታል እህል ያገኘ ገበሬ ደስ ብሎት ይገባል፤ 420 ኩንታል አፈሩ ግን በጎርፍ ሄዷል። ገበሬው ይህን ያውቃል። የጎደለው እውቀት ሳይሆን ውል ነበር።

ቅሬው የያዘው ተራራ

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያየሁት ተራራ ዛሬ ለብሷል። እርግጥ ነው በአማራ ክልል በበጋው ወራት ሕዝቡ ለእርከን ሥራ በዘመቻ ይወጣል፤ እዚህም ተወጥቷል። ተራራውን ያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው አሉኝ። ቅሬ ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ «እድር» የሚለውን ወሎ «ቅሬ» ይለዋል። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሀዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው እሱ ነው። ያን ተራራ ለመከለል የቅሬው ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሕጉን አወጣ። ከብት አይገባም፤ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል እንጂ አይጋጥም፤ እርጥብ እንጨት አይቆረጥም፤ ያጠፋ ይቀጣል፤ ደጋግሞ ያጠፋ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ሲሞቱ ቀባሪ ማጣት ነው።

የገረመኝ ነገር፣ ተራራው ላይ ካለው ዛፍ ብዙውን የተከለው ሰው አይደለም። የወይራው ጉቶ ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ነበር። ከብት ሲታገድለት አቆጠቆጠ። መጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ክትክታው፣ ከዚያ ግራሩና ወይራው መጣ።

አሁን መሬት የሌላቸው ወጣቶች እዚያው ተደራጅተው ንብ ያንባሉ። አንደኛው የሳዑዲ ተመላሽ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲባረሩ፣ እሱም ባዶ እጁን ነበር የተመለሰው። «ድጋሚ ለመሄድ አላሰብክም?» ስለው ሳቀ። «በየዓመቱ አስባለሁ። ማር ሲቆረጥ እተወዋለሁ፤ ማሩ ሲያልቅ ደሞ አስባለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀፎ ሁሉን ችግር አይፈታም። ግን ለመቆየት አንድ ምክንያት ሆኖታል።

«የኔ ባንክ ፍየሎቼ ነበሩ»

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፌ ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን እግረ መንገዴን ያገኘኋት አንዲት ሴት ዝም እንድል አላደረገችኝም። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። አራት ፍየሎች ነበሯት።

«ተራራው ከመከለሉ በፊት እንዴት ነበር፣ እትዬ?» አልኳት።

«ተራራው የኔ ነበራ! መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ። ፍየሎቼ ወጥተው ቀንጥበው ይመለሳሉ። ልጅ ሲታመም አንዷን እሸጣለሁ፣ ደብተር ሲጠፋ አንዷን እሸጣለሁ። የኔ ባንክ ፍየሎቼ ነበሩ።»

ተራራው ሲከለል ባንኩ ተዘጋ። በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ በገንዘብ ተሸጠ። በሬና ላም ያለው ሰው ገዝቶ አጨደ። እሷ ሣር መግዣ የላትም፤ ደግሞስ ፍየል የታጨደ ሣር መች እንደ በግ ትወዳለች? ቅጠል ናት የምትፈልገው። ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሌሊት ትልቁን ልጇን እየቀሰቀሰች ፍየሎቹን ወደ ተከለለው ቦታ ትልክ ጀመር። ተያዘች፣ ተቀጣች። ዳግመኛ ተያዘች። ሦስተኛው ከቅሬ መውጣት ነበር።

በስብሰባው ቀን ይቅርታ ትጠይቃለች ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ፣ ተነስታ እንዲህ አለች አሉ፦ «ተራራው ይከለል ስትሉ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። የከለላችሁት ግን ከኔ ፍየል ነው እንጂ ከባለ በሬው አይደለም። ባለ በሬው ሣሩን በብሩ ወሰደ። እኔ በምን ልውሰድ? ነገ ከቅሬ ብታስወጡኝም ልጆቼ ዛሬ ማታ መብላታቸው አይቀርም።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበሩት እኚያው በ83 ዛፍ የቆረጡት አባት ናቸው። «በኛ ላይ የተሠራውን እኛ በሷ ላይ ሠራነው» አሉ።

ውሉ እንደገና ታየ። ሣሩ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ባል የሞተባቸው፣ አቅመ ደካሞችና ከብት የሌላቸው ሰዎች ድርሻቸውን በነፃ እንዲያጭዱ ተወሰነ። ደረቅ እንጨት የሚለቀምበት ቀንም ተቆረጠላቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን ፍየል ሸጣ በግ ገዛች፤ በታጨደው ሣር እያደለበች ለዓረፋ ትሸጣለች። ሁለቱን ፍየል ደጃፏ ላይ አስራ ታበላለች።

«አሁንስ ተመቸሽ?» አልኳት።

«ተመችቶኛል ብዬ አልዋሽሽም። ፍየል ሳለኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ሌሊት ልጄን ቀስቅሼ ‹ሂድ ስረቅ› አልለውም። ይኸው ነው።»

አያችሁ? ለእኔ የአገር ለውጥ ማለት ይቺ ሴት የተናገረችበት ደቂቃ ናት። ችግኝ የተከለው ብቻ ሳይሆን «የዚህን ዋጋ ማን እየከፈለ ነው?» ብሎ የጠየቀም፣ ሲጠየቅ የሰማም ለዋጭ ነው። እሷ ዝም ብትል ኖሮ፣ ወይ ከቅሬ ትወጣለች፤ ወይ የእሷ ብጤዎች በዝተው አንድ ቀን ተራራውን ይጨርሱታል። የ1983ቱን ያየ ይህን አይጠራጠርም።

ኒጀርም ይህንኑ ትላለች

ነገሩ የወሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ አፍሪካ በኒጀር፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ገበሬዎች 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዛፍ አልብሰዋል። 200 ሚሊዮን ያህል ዛፍ መሆኑ ነው። አብዛኛውን አልተከሉትም። እንደ ቢስቲማው ወይራ ከጉቶ ያቆጠቆጠውን ጠበቁት እንጂ። ለምን ጠበቁት? ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ነው የሚለው አሠራር እየላላ ሲመጣ፣ በማሳው ያለውን ዛፍ ገበሬው እንደራሱ ማየት ስለጀመረ ነው። የሰው ልጅ የራሱን ይጠብቃል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንቱ ዘመቻ ረስቶታል!

እኛስ ከተሜዎቹ?

«ጥሩ፣ እኔ ግን ተራራም ፍየልም የለኝ» የምትሉኝ ወጣቶች፣ ከቢስቲማ ይዤላችሁ የመጣሁት ምክር ይኸውላችሁ።

1ኛ. ከመትከላችሁ በፊት ጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ተናግሯል። ብዙዎቻችሁም በየዓመቱ ቲሸርት ለብሳችሁ ትወጣላችሁ፤ ደስ ይላል። ግን «ይህ ቦታ የማን ነው? በበጋ ማን ያጠጣዋል? ሲያድግ ማን ይጠቀማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ችግኝ «የስንዴው» ችግኝ ነው።

2ኛ. ተመለሱ። ሐምሌ ላይ የተከላችሁትን ጥር ላይ ሄዳችሁ እዩት። ፎቶ የምትነሱበት ክረምት ነው፤ ችግኝ የሚሞተው ግን በበጋ ነው። መቶ ተክሎ ከመርሳት አምስት ተክሎ ማጠጣት ይሻላል።

3ኛ. ያለውን ማኅበር ተጠቀሙ። ሁሌ አዲስ ክበብ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሊቀ መንበር አያስፈልግም። የሠፈራችሁ እድር አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ቅሬው ከነሙሉ ክብሩ አለላችሁ። የቦርከናን ወንዝ ቆሻሻ በተመለከተ ከአሥር ወጣት ጩኸት የአንድ ቅሬ ውሳኔ ሊበልጥ ይችላል። ሽማግሌዎቹን ቀርባችሁ አነጋግሩ።

4ኛ. የምትጎዳውን ፈልጓት። «ከሰል ይከልከል!» ስትሉ ከሰል ቸርችራ ልጅ የምታሳድገውን አስቡ። «መንገዱ ይጽዳ!» ስትሉ እዚያው ጉልት የምትሸጠውን አስቡ። ሐሳባችሁን ተዉ አላልኩም። ከመወሰኑ በፊት እሷም ትናገር፤ የእሷ ድርሻ ይታወቅ። አለበለዚያ ሌሊት ትመጣለች፤ አይፈረድባትም።

በመጨረሻ ስሰናበታቸው እኚያን አባት «ይህ ተራራ ልጆችዎ ዘመን ይቆያል?» አልኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ቁልቁል ወደ አፋር የሚወርደውን መንገድ አዩ። «እንደ ውሉ ነው» አሉኝ። «ውሉን በየዓመቱ ካደስነው ይቆያል። አድሰነዋል ብለን ከተኛን አይቆይም።»

እናንተስ በየሠፈራችሁ ማን ዋጋ እየከፈለ እንደሆነ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ እንወያይበታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!