አዲሱ ካሜራ ፎቶዬን ለምን አደበዘዘው?

በከሚሴ ሰርግ እያነሳ የሚተዳደር ፎቶ አንሺ ገንዘብ አጠራቅሞ ከትንሹ ካሜራ ወደ ፉል ፍሬም ሲሸጋገር፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥመው ቅሬታ ነው። ፎቶው ገርጥቶ፣ አንዳንዱም ደብዝዞ ያገኘዋል። መልሶ ለመሸጥ የሚያስብም አለ። አይቸኩል፤ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ተረት፦ ፕሮፌሽናል ካሜራ ራሱ አሳምሮ ያነሳል።

እውነታ፦ ራሱ የሚያሳምረው ስልክ ነው፤ ያበራል፣ ቀለም ያደምቃል። ትልቁ ካሜራ ይህን ሥራ በአብዛኛው ለባለቤቱ ይተዋል። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያሳምር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ የተነሳ ፎቶ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ጥላ የዋጠውን ፊት በኮምፒውተር ማውጣት የሚቻለው በዚህ ትርፍ ነው።

ድብዘዛውስ? የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ከትንሹ ካሜራ ሴንሰር በስፋት ከ2 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በዚህ የተነሳ ጠርቶ የሚታየው ክፍል ይጠባል። ሌንሱ 1.8 ላይ ተከፍቶ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሙሽራዋ በቅርብ ስትነሳ፣ ዓይኗ ጠርቶ ጆሮዋ ይደበዝዛል። ሚዜዎች በሁለት ረድፍ ሲቆሙ ሌንሱን ወደ 5.6 ወይም 8 ማጥበብ ይሻላል።

ተረት፦ ኦቶ ላይ ካደረጉት አይሳሳትም።

ይህ በእኛ አገር ብዙ ፊት አበላሽቷል። የካሜራው ብርሃን ለኪ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጭ ቬሎ ወይም ነጭ ጀለቢያ ምስሉን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ጠይም ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው የብርሃን ማካካሻውን (ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን) ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግና የልብሱ ጥልፍ በነጭ እንዳይጠፋ በስክሪኑ ላይ ማረጋገጥ ነው። ሰው በሠርጉ ቀን የገዛ መልኩን በፎቶው ላይ ማግኘት አለበት፤ ይህ የፎቶ አንሺው ግዴታ ነው።

ተረት፦ ፀሐይ በበዛ ቁጥር ፎቶ ያምራል።

የባቲን የሰኞ ገበያ በቀትር ያነሳ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። በዚህ አካባቢ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሸፈናል። ውድ ካሜራ ይህን አያስተካክልም። ሰውየውን ወደ ዳስ ጥላ ማስገባት ያስተካክለዋል፤ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሙሽሮቹን ይዞ ወደ ጨፋ ሜዳ መውጣት። እዚያም ቢሆን በአቧራ መሃል ሌንስ አይቀየር፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ ብናኝ በየፎቶው ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ሜጋፒክስል በበዛ ቁጥር ፎቶ ያምራል የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ700 ባለ 12 ሜጋፒክስል ነው፤ 36 በ24 ሴንቲሜትር ፎቶ በሙሉ ጥራት ያሳትማል። ለሰርግ አልበም ይበቃል።

ገንዘቡ ለካሜራም ለሌንስም ካልበቃ ሌንሱ ይቅደም። ከካሜራ ጋር የሚመጣው ሌንስ ሩቁን ሲያቀርብ (ዙም ሲደረግ) 5.6 ላይ ይቆማል፤ ባለ 50 ሚሊሜትሩ 1.8 ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለምሽት ሰርግ፣ ያለዎትን ትንሽ ካሜራ ሳይለውጡ መጀመሪያ እሱን ይግዙ።