ተጨማሪ መረጃ፦ ጉሬዛና ላይከን ምን ያመሳስላቸዋል?

በአዊ ዞን እርጥበታማ ደጋ ደኖች ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ኡስኔያ የተባለው ላይከን ደግሞ ከቅርንጫፍ እንደ ጺም ይንጠለጠላል። ጉሬዛ አጥቢ እንስሳ ነው፤ ኡስኔያ ግን እንስሳም ዕፅዋትም አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ያለ ደቂቅ ዘአካላት አጋሮቻቸው መኖር አይችሉም። ጉሬዛ የበላውን ቅጠል የሚያብላሉለት በጨጓራው ክፍሎች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኡስኔያ የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ ፈንገሱ አካሉን ይሠራል። ኡስኔያ ሥር ስለሌለው ውኃ የሚያገኘው ከዝናብና ከጉም ነው፤ በዚህም የተነሣ የተበከለ አየር በቀላሉ ይጎዳዋል።

ሞክሩት፦ መሬት ላይ የወደቀ እርጥብ ኡስኔያ አንሥታችሁ በቀስታ ሳቡት። አረንጓዴው ልባስ ሲሰነጠቅ መሃሉ ላይ የሚለጠጥ ነጭ ክር ታያላችሁ። ክሩ የፈንገሱ አካል ነው።