የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ ትርፍ የሚሰጠው መቼ ነው?

ወረቀት ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ የእንጨቱና የኃይሉ ወጪ ብቻ ሳይሆን፣ ፋብሪካው ዝቃጩን ለማስወገድ ያወጣው ገንዘብም ይገኝበታል። ዝቃጭ የሚባለውም ፋብሪካው የተጠቀመበት ውሃ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት ሲጣራ ከታች የሚቀረው ጭቃ መሰል ነገር ነው። ቀድሞ ብዙ ፋብሪካዎች ወደ መጣያ ስፍራ እያጋዙ ይደፉት ነበር። ይህ መንገድ ግን እየጠበበ ሄዷል፤ ለምሳሌ ፊንላንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚበሰብስ ነገር የበዛበት ቆሻሻ በመጣያ ስፍራ እንዳይቀበር በደንብ ከልክላለች። ማቃጠልም ቢሆን ውሃ የበዛበትን ነገር ለማድረቅ ብቻ ብዙ ሙቀት ይፈጃል። ስለዚህ ዝቃጩን አየር በማይገባበት ጋን አብላልቶ ባዮጋዝ ማውጣት የፋብሪካ ባለቤቶችን ሐሳብ ስቧል።

ዝቃጩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃው ረግቶ ሲቆም የሚዘቅጠው ሲሆን፣ ከእንጨት ጭረትና ለወረቀት መሙያ ከሚገባው የነጭ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተሰበሰበ ነው። ሁለተኛው ውሃውን እንዲያጠሩ የተረቡት ረቂቅ ተሕዋስያን በዝተው የሚተርፉት ነው። አስቸጋሪው ይህኛው ነው፤ የተሕዋስያኑ ገላ በጠንካራ ሽፋን የተከበበ ስለሆነ፣ ውሃውንም አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በጋን ውስጥ ቶሎ አይፈታም። ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ማጣበቂያም አየር በሌለበት ስፍራ የማይበሰብስ ያህል ነው። ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ብቅሉን ሳታስፈጭ ከጋን እንደማትጨምር ሁሉ፣ ይህም ዝቃጭ አስቀድሞ መሰናዳት ያስፈልገዋል።

የመሰናዶው መንገድ ብዙ ነው። ዋነኛው ዝቃጩን በተዘጋ ጋን ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እንፋሎት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሎ፣ ግፊቱን በድንገት መልቀቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ይፈነዳል። ይህ ዘዴ በኖርዌይ ሐማር ከተማ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ሥራ ላይ ውሏል። ሌሎቹ መንገዶች ኮስቲክ ሶዳ መጨመር፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ መምታትና በኤንዛይም ማላላት ናቸው። ነገር ግን ሶዳው ዋጋ አለው፤ የድምፁም መሣሪያ ኤሌክትሪክ ይበላል።

እዚህ ላይ ነጋዴ የለመደው ሂሳብ ይመጣል። ከመቶው 5 እጅ ብቻ ደረቅ ነገር ያለበት ዝቃጭ፣ 1 ቶን ደረቅ ነገር ለማግኘት 20 ቶን ሆኖ መሞቅ አለበት። ይህን ሁሉ ከ20 ወደ 160 ዲግሪ ለማድረስ 3,260 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ ሚቴን 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለው፣ ወጪው 326 ሜትር ኩብ ጋዝ ማለት ነው። የፋብሪካው የተሕዋስያን ዝቃጭ ሳይሰናዳ የሚሰጠው ግን ከአንድ ቶን ብዙውን ጊዜ ከ200 ሜትር ኩብ አይበልጥም፤ እንግዲህ ወጪው ከገቢው በለጠ። ዝቃጩ አስቀድሞ ተጠምቆ ደረቁ ከመቶው 15 እጅ ቢሆን ግን የሚሞቀው 7 ቶን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ወደ 1,090 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። በዚያ ላይ ከተቀቀለው ዝቃጭ የሚወጣው እንፋሎት ቀጣዩን ለማሞቅ ያገለግላል።

ስለዚህ ሥራው የሚያዋጣው ለራሱ የሚተርፍ እንፋሎት ባለው ፋብሪካ ነው። በፊንላንድ አኔኮስኪ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው፣ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ የሚባለውን የእንጨት ሊጥ ለማምረት የተሠራው ፋብሪካ፣ ዝቃጩን ወደ ባዮጋዝ የሚለውጥ ክፍል በአጠገቡ እንዲኖር የተደረገው ዝቃጭ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ ጥሬ ዕቃ ስለታየ ነው።

ትርፉም ከጋዙ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በሚገባ የተሰናዳ ዝቃጭ ከተብላላ በኋላ የሚቀረው መጠን ያንሳል፤ ውሃውም በቀላሉ ይጠመቃል፤ የማጓጓዣውም ዋጋ ይቀንሳል። በአንጻሩ ድኝ አዘል ኬሚካል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል፤ ከድኙ የሚወለደው መርዛም ጋዝ የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ያዳክማል፤ ብረቱንም ይበላል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማስመጣት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ፣ ሻጩ ስለ ጋዙ ብዛት ሲናገር ሦስት ጥያቄ ሊያቀርብለት ይገባል፦ ዝቃጩ ከመሞቁ በፊት ውሃው ምን ያህል ይወጣለታል? ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከተብላላ በኋላ የሚቀረውስ ወዴት ይሄዳል? ለሦስቱም በቁጥር መልስ ያላገኘ ነጋዴ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢታገሥ ይሻለዋል።